ሆድ ውኃ ሲቋጥር፦ ናሙና የምወስድበትና የማነብበት መንገድ

የጉበትና የምግብ መፍጫ አካላት ስፔሻሊስት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ኢንዶስኮፒን፣ የሆድ ዕቃን በካሜራ ማየትን ነው። ከውስጥ ደዌ ወደዚህ ዘርፍ የሚገባ ሐኪምም ልቡ ያለው ካሜራው ላይ ነው፤ አይፈረድበትም። እኔ ግን ለሠልጣኞች አስቀድሜ የማሳየው ከሆድ ውኃ ናሙና አወሳሰድን ነው። መሣሪያው ቀላል፣ ሥራው አጭር ነው፤ የሚሰጠውን መልስ ግን ሲቲ ስካን አይሰጥም።

ደንቤ አንድ ነው፦ ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ የሚጠጥርበት ሕመም) ያለበትና ሆዱ ውኃ የቋጠረ ታማሚ ሲተኛ፣ የመጣበት ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ ናሙናው በዚያው ቀን፣ አንቲባዮቲክ ሳይጀመር ይወሰዳል። ውኃው በባክቴሪያ ተበክሎ ሳለ ትኩሳትም የሆድ ሕመምም የሌለው ታማሚ ጥቂት አይደለም። የሚታየው የንግግር መዘባረቅ ወይም የክሪያቲኒን (የኩላሊት ሥራ መለኪያ) መጨመር ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሥራውን በብዛት የሚያዘገየው የደም መርጋት ውጤት ነው። አይኤንአር (ደም ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ መለኪያ) ከፍ ብሎ ይገኛል፣ ፕላዝማ (የደም ፈሳሽ ክፍል) ይታዘዛል፣ ሰዓቱ ይነጉዳል። የታመመ ጉበት ደም የሚያረጉትንም መርጋትን የሚገቱትንም ፕሮቲኖች አብሮ ይቀንሳል፤ አይኤንአር የሚያየው አንዱን ወገን ብቻ ስለሆነ የመድማትን አደጋ አይነግረንም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ብዬ ፕላዝማም ፕላትሌትም (ደም አርጊ ሴል) አልሰጥም። እጄን የምሰበስበው ዲአይሲ (ደም በመላ ሰውነት እየረጋ ማርጊያው የሚያልቅበት ችግር) ያለበት ታማሚ ሲገጥመኝ ነው። መርፌው የሚገባበት ቆዳ ኢንፌክሽን ካለውም ቦታ እቀይራለሁ።

ታማሚው ሽንቱን ከሸና በኋላ በጀርባው ይተኛል፣ ራስጌው ትንሽ ከፍ ይላል። ቦታው በግራ በኩል፣ ከዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይና 3 ሴንቲ ሜትር ወደ እምብርት ነው። እዚያ የሆድ ግድግዳው ቀጭን፣ ውኃው ጥልቅ ነው። የሚፈራው የደም ሥር ከዚያ ይልቅ ወደ መሐል፣ በሆድ ጡንቻው ውስጥ ስለሚያልፍ ወደዚያ አልጠጋም። አልትራሳውንድ ካለ የውኃውን ጥልቀት አያለሁ፤ ምልክት ካደረግሁ በኋላ ታማሚው እንዲገላበጥ አልፈቅድም፤ ውኃውም አንጀቱም ቦታ ይቀይራሉ።

ማደንዘዣው ሊዶኬይን እስከ ውስጠኛው የሆድ ሽፋን ድረስ ይደርሳል፤ ሕመሙ ያለው ቆዳውና እዚያ ነው። ቆዳውን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች ስቤ ቀጭን፣ 22 ጌጅ መርፌ በቀስታ አስገባለሁ፤ ውኃ እስኪመጣ ቆዳውን አልለቅም። መርፌው ሲወጣ ቆዳው ወደ ቦታው ስለሚመለስ ቀዳዳዎቹ አይገጥሙም፤ ውኃው አይንጠባጠብም። ሲሪንጁን ያለማቋረጥ መሳብ ደግሞ አንጀትን ወይም ስቡን ወደ መርፌው ጫፍ ይጎትታል፤ በየ5 ሚሊ ሜትሩ ቆም ብሎ መሳብ ይሻላል።

ብዙ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። በተበከለ ውኃ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እጅግ ጥቂት ነው፤ በ1 ሚሊ ሊትር 1 ያህል። ውኃውን በባዶ ሲሪንጅ ወደ ላቦራቶሪ ልኮ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የመለየት ምርመራ) መጠበቅ ከንቱ ነው ማለት ይቻላል። የጠርሙሱን አፍ በአልኮል ጠርጌ፣ አልጋው አጠገብ እንዳለሁ በእያንዳንዱ የደም ካልቸር ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር እጨምራለሁ። ለሴል ቆጠራው ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ፣ ለአልቡሚን (ጉበት የሚሠራው የደም ፕሮቲን) እና ለጠቅላላ ፕሮቲን ኬሚካል የሌለበት ቱቦ። የደም አልቡሚንም በዚያው ቀን ይወሰዳል፤ ያለፈው ሳምንት ውጤት አያገለግልም።

ስሌቱ መቀነስ እንጂ ማካፈል አይደለም። የደሙ አልቡሚን 2.8፣ የሆድ ውኃው 0.9 ግራም በዴሲ ሊትር ከሆነ ልዩነቱ 1.9 ነው። 1.1 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጉበት በሚገባው የደም ሥር ውስጥ ግፊት አለ። ያኔ የውኃው ፕሮቲን ከ2.5 በታች ሲሆን ሲሮሲስን፣ ከዚያ ሲበልጥ ልብን አስባለሁ። ከ1.1 በታች ከሆነ የሆድ ቲቢንና ካንሰርን እፈልጋለሁ።

ኒውትሮፊል (ባክቴሪያን የሚዋጋ ነጭ የደም ሴል) ራሱን ችሎ ካልተቆጠረ አሰላለሁ፦ በ1 ኩቢክ ሚሊ ሜትር 700 ነጭ ሴል ኖሮ 60 በመቶው ኒውትሮፊል ከሆነ 420 ነው። ናሙናው ደም ከቀላቀለ በየ250 ቀይ ሴል 1 ይቀነሳል። ኒውትሮፊሉ 250 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ካልቸሩን ሳልጠብቅ ሕክምና እጀምራለሁ። አንቲባዮቲኩን የሚረሳ የለም፤ የሚረሳው አልቡሚን ነው። በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 1.5 ግራም፣ በሦስተኛው ቀን 1 ግራም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ይህ ሲጨመር የኩላሊት ጉዳት ከ33 ወደ 10 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። ከ48 ሰዓት በኋላ ናሙናው ይደገማል፤ ቆጠራው ቢያንስ በሩብ ካልወረደ መድኃኒቱ አልሠራም ወይም አንጀት ተበስቷል።

ለማስተንፈስ ብዙ ውኃ ሲቀዳም ሒሳቡ አለ፤ ከ5 ሊትር ካለፈ ለእያንዳንዱ ሊትር ከ6 እስከ 8 ግራም አልቡሚን። 8 ሊትር ከወጣ ባለ20 በመቶው 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ሦስት ይበቃል።

ኢንፌክሽን ከሌለና ኩላሊቱ ደህና ከሆነ ሽንት የሚያበዙትን ስፓይሮኖላክቶን 100 እና ፉሮሴማይድ 40 ሚሊ ግራም አብሬ እጀምራለሁ፤ ፖታሲየም እንዳይዛባ ሁለቱን አብሬ አሳድጋለሁ፤ ጣሪያው 400 እና 160 ነው። እግሩ ያላበጠ ሰው በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ እንዲቀንስ አልፈልግም። ክብደቱ አልወርድ ካለ መጠኑን ከመጨመሬ በፊት የሽንት ሶዲየምና ፖታሲየም አያለሁ። ሶዲየሙ ከፖታሲየሙ ከበለጠ መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ ያኔ የምጠይቀው ስለ ጨው ነው፤ በቀን ከ5 ግራም ማለፍ የለበትም። ሶዲየሙ ካነሰ ደግሞ መጠኑን ከመንካቴ በፊት ለወገብ ሕመም ብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን እየወሰደ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ሁለቱም ኩላሊቱ ጨው እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ታማሚውም መድኃኒት ብሎ ስለማይቆጥራቸው በስማቸው ካልተጠየቀ አይናገርም።