መናገሻ ሱባ፦ ከፏፏቴው በላይ ያለው ደን

ከአየር ጤና ወይም ከኮልፌ ከፍታ ላይ ወደ ምዕራብ ለተመለከተ ሰው አድማሱን የሚዘጋው ተራራ ወጨጫ ነው። ከከተማው በማይታየው ጎኑ፣ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ተዳፋቱ ላይ ያለው ደን መናገሻ ሱባ ይባላል። ከመሀል አዲስ አበባ እስከ ሰበታ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰበታም ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የሸገር ከተማ አካል ስለሆነች ደኑ የገጠር ደን መሆኑ ቀርቷል፤ ከተማው እግሩ ሥር ደርሷል።

ብዙ ሰው ታዲያ የሚያውቀው መኪና ማቆሚያውን፣ ምሳ የሚበላበትን ሜዳና ፏፏቴውን ነው። ፏፏቴው ክፉ አይደለም፤ ክረምት ሲወጣ ሞልቶ ይወርዳል፣ በጋው ሲጠና ይቀጥናል። ይሁን እንጂ እዚያ ደርሶ የተመለሰ ሰው ያየው የደኑን ታችኛውን ጫፍ ብቻ ነው። ደኑ ከ2,200 ሜትር ገደማ ተነሥቶ እስከ 3,385 ሜትር ይወጣል። እዚህ መካከል አራት የተለያዩ ደኖች ተደራርበዋል፤ ታሪኩም የሚነበበው እነሱ ላይ ነው።

ትውፊቱ የሚጀምረው ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1426–1460 ዓ.ም.) ነው። ንጉሡ የተራራው ጎን መራቆቱን አይተው ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ ይባላል። ነገሩን ተረት ነው ብሎ ለማለፍ ከመቸኮል በፊት የትልልቆቹን ጥዶች ሥር ማየት ይበጃል። የሐበሻ ጥድ ብርሃን ይወዳል፤ ችግኙ በጥቅጥቅ ጥላ ሥር አይገፋም። ከግዙፎቹ ጥዶች ግርጌ የሚበቅለውም በአብዛኛው ጥላ የሚችል ሌላ ዛፍ እንጂ የጥድ ልጅ አይደለም። ስለዚህ እነዚያ ጥዶች ሲበቅሉ መሬቱ ገላጣ ነበር ማለት ነው። ገላጣውን እሳት ፈጥሮት ዘሩን ወፍ ጥላው ይሆናል፤ ሰው ተክሎትም ይሆናል። የዛፉ አበቃቀል ሁለቱንም አይቃወምም፤ የሚቃወመው «ይህ ደን ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ነበር» የሚለውን ነው።

«የ400 ዓመት ጥድ»፣ «የ500 ዓመት ጥድ» የሚለውን ወሬ ግን በጥንቃቄ መስማት ነው። በኛ አገር ደጋ የበልግና የክረምት ዝናብ ስለሚለያይ የእንጨቱ ቀለበት ዓመትን በታማኝነት አይቆጥርም። በዚያ ላይ ያረጀ ጥድ ልቡን ፈንገስ ይበላዋል። ከውጭ ሁለት ሰው አቅፎት የማይደርስበት ግንድ በጡጫ ሲመታ ባዶ በርሜል የሚመስል ድምፅ ከሰጠ መሀሉ የለም ማለት ነው፤ ዕድሜ የሚቆጠርበት እንጨትም አብሮ ሄዷል።

ሁለተኛው የታሪኩ ምዕራፍ የምኒልክ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር በዙሪያዋ የነበረው እንጨት ለቤትና ለማገዶ በጥቂት ዓመታት አለቀ። እንጦጦ ተራቆተ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ ንጉሠ ነገሥቱ መናገሻ ከተማቸውን ወደ ምዕራብ፣ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ እስከማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማውን ያተረፈው ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ሆነ። በዚያው የእንጨት ረሃብ ዘመን የወጨጫ ጥድ ለከተማው ግንባታ ይወርድ እንደነበር አይርሱ። ምኒልክ ደኑን በጥበቃ ሥር ያደረጉት ለውበቱ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻው የቅርብ ግንዲላ እዚያ ስለነበረም ጭምር ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው መቶ ዓመት የመጥረቢያና የችግኝ ዘመን ነው። እንጨት መሰንጠቂያ ገባ፤ ዝግባውና ቀጥ ያለው ጥድ ሄደ። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ደኑም አብሮ ተጠቃለለ፤ በተቆረጠው ቦታ ላይም የፈረንጅ ጥድና ባሕር ዛፍ በሰፊው ተተከለ። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ነው። ድርጅቱ ደን ይጠብቃል፣ ግንድም ይሸጣል። ስለዚህ በአንድ በኩል ጎብኚ፣ በሌላ በኩል የተቆለለ ግንዲላ ማየት እዚያ አይገርምም። የተተከለው እንዲቆረጥ ነው የተተከለው፤ የተፈጥሮው ሲነካ ነው መጮህ።

ልዩነቱን ለማወቅ የእጽዋት ሊቅ መሆን አያሻም። የተተከለው ደን ዛፎቹ ተሰልፈው ቆመዋል፣ ዕድሜያቸው አንድ ነው፣ ከሥራቸው ከደረቀ ቅጠል በቀር ብዙም ነገር የለም፤ ወፍም እምብዛም አይጮህም። ሁለቱን ጥዶች የሚያምታታ ሰው ፍሬያቸውን ይይ። የፈረንጅ ጥድ ፍሬ እንደ እንጨት ደርቆ የሚሰነጠቅ ክብ ጓል ነው። የሐበሻው ለስላሳ፣ ትንሽ፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊነት የሚያደላ ነው፤ የሚገኘውም በሴቴዋ ዛፍ ላይ ብቻ ነው። ወንዴው ምንም ቢፈልጉበት ፍሬ የለውም። የሐበሻው ጥድ ቅርፊትም በቀጭን ረጃጅም ሰቅ ይላጣል።

ከደኑ ጽሕፈት ቤት ወደ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ የተቀላቀሉበት ደን ነው። እዚህ ጥላው ወፍራም፣ አፈሩ እርጥብ ነው። ቁምጣ ለብሶ የመጣ ሰው ከሳማ ጋር የሚተዋወቀውም እዚሁ ነው። ከፍ ሲል ዝግባው ይጠፋና ጥዱ ብቻውን ይገንናል። ከ2,900 ሜትር ገደማ በላይ ኮሶው ይመጣል፤ አምጃ ቢጫ አበባውን ይዞ ይከተላል። የኮሶን ሴቴና ወንዴ በአበባው ቀለም መለየት ይቻላል፤ ቀላ ያለውና ከባዱ የሴቴዋ ነው፣ ለትል መድኃኒት የሚፈለገውም እሱ ነው። (ከዛፉ ሥር ለቅማችሁ ቤት ለመሞከር እንዳታስቡ፤ መጠኑ ከበዛ ዓይን ያጠፋል።) በመጨረሻ አስታው ይጀምራል፤ በደህናው ቦታ ግራጫ ሽበት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሎበት እንደ ዛፍ ቆሟል፣ ተቃጥሎ በነበረው ቦታ ከጉቶው እንደገና ያቆጠቆጠ የሰው ቁመት ቁጥቋጦ ነው። ከዚያ በላይ ሣርና ድንጋይ፣ ነፋስም አለ። አየሩ ሲጠራ በምሥራቅ በኩል አዲስ አበባ ትታያለች።

ሰው የሚጠፋው ታች ባለው ጥቅጥቅ ደን ውስጥ አይደለም፤ እዚያ መንገዱ ግልጽ ነው። የሚጠፋው አስታው ውስጥ ነው። ከብት የሚያወጣቸው ቀጫጭን ዱካዎች በየአቅጣጫው ይከፈታሉ፣ ቁጥቋጦው እይታን ይጋርዳል፣ ደመናው ከቀትር በኋላ ሲወርድ ደግሞ ሃያ ሜትር አርቆ ማየት ያስቸግራል። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ጠባቂ ወይም አስጎብኚ ይዞ መውጣት። ሁለተኛ፣ ሰዓት ማክበር፦ ጠዋት 2 ሰዓት መነሣት፣ ጫፍ ቢደረስም ባይደረስም 7 ሰዓት ላይ ፊትን ማዞር። ከጽሕፈት ቤቱ አካባቢ እስከ አናቱ የ800 ሜትር ገደማ አቀበት ነው፤ ለለመደ እግር ሦስት ሰዓት፣ ልጆችና ጀማሪዎች ላሉበት ቡድን አራት ሰዓት ተኩል ይፈልጋል። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ ታች በሸሚዝ ያላበው ሰው ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። አንድ ሹራብ፣ አንድ የዝናብ ልብስ፣ ለአንድ ሰው ከሁለት ሊትር ያላነሰ ውኃ። ቁልቁለቱ ላይ እርጥብ ቅጠል ድንጋዩን ስለሚሸፍነው ሶሉ ያለቀ ስኒከር ያንሸራትታል፤ ጉልበት የሚጎዳውም ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው።

ወቅቱ ከጥቅምት እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። በሐምሌና በነሐሴ ደኑ እጅግ ያምራል፣ ችግሩ መንገዱ ነው። ሰበታ ድረስ አስፋልት ነው፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ የሚወጣው ፒስታ ኮሮኮንችና ጭቃ ያለበት ስለሆነ በክረምት ያለ ፎር ዊል መሞከር ገንዘብ ማባከን ነው። በበጋም ቢሆን ዝቅ ያለች የቤት መኪና ሆዷን ድንጋይ ታስመታለች። ትርፍ ጎማችሁ ነፋስ እንዳለው ሰበታ ላይ አረጋግጡ፣ ከዚያ በኋላ ጎሚስታ የለም። በሚኒባስ የሚሄድ ከአየር ጤና ሰበታ ይደርሳል፤ ከሰበታ በኮንትራት ነው። የመመለሻውን ሰዓት ከሾፌሩ ጋር አስቀድሞ መቁረጥ የግድ ነው፤ ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ስለሚቆራረጥ «ደውልልሃለሁ» አይሠራም። የአካባቢው ጸጥታም ከሳምንት ሳምንት ስለሚለያይ ከመነሣት በፊት ወደ ደኑ ጽሕፈት ቤት ደውሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቡናው። ከቤተሰብ ጋር የሚመጣ ሰው ሁሉ ከሰልና ረከቦት ይጭናል፣ ይህን የሚያስቀር ምክር አይሠራም፤ ስለዚህ አደራረጉን ማወቅ ነው። የጥድና የአስታ ቅጠል ዘይት አለው፣ መሬት ላይ የተከመረው ደረቅ ቅጠል ደግሞ ነበልባል ሳያሳይ ከሥር ከሥር እየጤሰ ሊቆይ ይችላል። ሰው ጠፋ ብሎ ሄዶ ማታ ነፋስ ሲነሣ ይቀጣጠላል። ምድጃው የሚቀመጠው ቅጠሉ ተጠርጎ አፈር በታየበት ቦታ ላይ ነው፣ ዙሪያው አንድ ሜትር ያህል ይጽዳ። ሲያበቃ ከሰሉን አፈር አልብሶ መሄድ ስሕተት ነው፤ አፈር ሙቀቱን ይይዘዋል እንጂ አያጠፋውም። ውኃ ማፍሰስ፣ በእንጨት ማማሰል፣ እንደገና ማፍሰስ፣ ከዚያ የእጅን ጀርባ አስጠግቶ መሞከር። ለአንድ ትንሽ ምድጃ ሦስት ሊትር ውኃ ይበቃል፤ ከመጠጡ ለይታችሁ ያዙት። ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ደረቅ ጊዜ ግን ቡናውን በፔርሙዝ ይዞ መምጣት ይሻላል። ከምሳው ሜዳ አልፎ አስታው ውስጥ እሳት ማንደድ በየትኛውም ወር አይታሰብ።

እንስሳቱን ለማየት የሚመጣ ሰው የቁርስ ሰዓትን መሥዋዕት ማድረግ አለበት። ጉሬዛ ጎሕ ሲቀድ ከዛፍ ጫፍ ላይ ያጓራል፤ ከዚያ ፀሐይ እየሞቀ ይቆያል፣ በደንብ የሚታየውም ያኔ ነው። ሆዱ ቅጠል እያብላላ የሚፈጭ ባለ ብዙ ክፍል ስለሆነ ዳቦና ብስኩት መወርወር እሱን ማሳመም ነው። ዝንጀሮው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንዴ ያጎረሱት ዝንጀሮ በሚቀጥለው እሁድ ቦርሳ ይቀማል፣ ጥርሱም ቀላል አይደለም። ምግብ መኪና ውስጥ፣ መስኮትም ተዘግቶ። የምኒልክ ድኩላ ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ፣ ብቻውን የሚሄድ ነው፤ ማለዳና አመሻሽ ላይ በደኑና በገላጣው ድንበር ይቆማል፣ ሲደነግጥ እንደ ውሻ ይጮሃል። ነብርም አለ፤ የሚገኘው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኩሱና ዱካው ነው።

ከወፎቹ በቅድሚያ የሚፈለገው ባለ ነጭ ጉንጩ ቱራኮ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ሲሮጥ አረንጓዴና ሰማያዊ ይመስላል፣ ሲበር ክንፉ ደማቅ ቀይ ሆኖ ይከፈታል፤ ቀዩን የሚሰጠው መዳብ ያለበት ቀለም ነው። የሐበሻ ደጋ ወፍ የሆነው ትንሹ ግንደ ቆርቁር ጥዱና ኮሶው ላይ በቀስታ ይቆረቁራል። ግንባሩ ቢጫ የሆነው በቀቀን ከላይ እየጮኸ ያልፋል እንጂ ቶሎ አያርፍም። ሁሉንም ለመያዝ ከመኪና ማቆሚያው ጀምሮ በእግር ቀስ ብሎ፣ በየአሥር ደቂቃው ቆም እያሉ መሄድ ነው፤ ባለ 8 ማጉያ መነጽር ለዚህ ጥቅጥቅ ደን ከባለ 10ሩ ይሻላል፣ በጥላ ውስጥ ሰፋ አድርጎ ስለሚያሳይና እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉ ብዙም ስለማይዘል።