ሬጅስትሪ ጠራጊው ሁለት ሰከንድ ሰጠኝ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ማመልከቻ ጽፌ ነው የማድረው። ኮምፒውተሬ አርጅታለች። ጠዋት አብርቻት ጎረቤቴ ጋ ስሻገር ቡናው ገና ይቆላል፤ እሷ ቶሎ ስለማትከፈት አቦል ጠጥቼ ነበር የምመለሰው።

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ ከኮምቦልቻ መጣና «አብሽር፣ መድኃኒቷን ይዤልሃለሁ» ብሎ ከፍላሹ ሬጅስትሪ ጠራጊ፣ የዊንዶውስን መዝገብ አጽድቶ ኮምፒውተር ያፈጥናል የሚባል ፕሮግራም፣ ጫነልኝ። ፕሮግራሙ መፈተሽ ሲጀምር ቀይ ቁጥር እየጋለበ 1,312 ላይ ቆመ። «ስህተት» ይለዋል። ደነገጥኩ። ያን ሁሉ ተሸክማ እንዴት ቆመች? ዝርዝሩን ስከፍተው ግን ዱሮ ያጠፋሁት የፕሪንተር ሶፍትዌር ትቶት የሄደው ኮተት፣ የተሰረዙ ፋይሎች ስም፣ እንዲህ እንዲህ ያለ ነገር ነው።

ሬጅስትሪ ዊንዶውስና ፕሮግራሞቹ ቅንብራቸውን የሚያኖሩበት መዝገብ ነው። ውስጡ ያለው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል፤ ዊንዶውስ ግን የሚፈልገውን በአድራሻው ሄዶ ያነሳል እንጂ አንድ በአንድ አያገላብጥም። ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራ ሴት ቁጥሩን ከሰጠኋት መደርደሪያው ጋ ሄዳ ታወጣዋለች፤ የሞቱ መዝገቦች ከጎኑ መኖራቸው አያዘገያትም።

ለመከፈት የሚፈጅባትን ጊዜ በስልኬ ለካሁት። ከመጥረጉ በፊት 3 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ፣ ከጠረገ በኋላ 3 ደቂቃ ከ8። ሁለቷን ሰከንድ ጠራጊው ያምጣት የኔ ጣት፣ እንጃ።

ጉዱ የመጣው በማግስቱ ነው። ባለጉዳይ ፊቴ ተቀምጦ የአማርኛ መጻፊያዬ «አልተመዘገብክም» አለኝ። ምዝገባው የነበረው እዚያው ሬጅስትሪ ውስጥ ነበራ! መጠባበቂያ ቅጂ አላስቀረሁም። ማይክሮሶፍት ራሱ እንዲህ ያሉ ጠራጊዎችን መጠቀም አልደግፍም እንደሚል፣ ጉዳቱ ሲከፋም ዊንዶውስን እንደ አዲስ እስከ መጫን እንደሚያደርስ ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜ እስካሁን «ቫይረስ ይሆናል» ባይ ነው።

የዘገየችበት ምክንያት ሌላ ነበር። የዲስኳ መብራት ያለ እረፍት ይርገበገብ ነበር፤ የዱሮው የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ነው፣ ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታዋም (ራም) 4 ጊጋ ብቻ። መጀመሪያ ታስክ ማናጀር ከፍቼ አብረዋት ከሚነሱት ፕሮግራሞች አምስቱን አስቆምኩ፤ ወደ 2 ደቂቃ ወረደች። ገንዘብ ሳገኝ በዲስኩ ፈንታ ኤስኤስዲ፣ የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ፣ አስገባሁ። አሁን በ25 ሰከንድ ትከፈታለች።

ቅር ያላት ጎረቤቴ ናት። ደንበኛ ቀድሞ ስለሚይዘኝ የምደርሰው ለቶና ነው።