የምህንድስና ሕንፃ ስነድፍ ያላየሁት አየር

የዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ሕንፃ ንድፍ ሲሰጠኝ ሐሳቤ ሁሉ ጣሪያው ላይ ነበር። ስንት ሶላር ፓኔል ይይዛል? ሁለት ሳምንት በዚሁ ተጠመድኩ። አሮጌውን ሕንፃ ስንጎበኝ ግን የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኑ "ይሄ ማራገቢያ እኮ ሌሊትም አያርፍ" አለኝ። ንድፉን እንደ አዲስ ጀመርኩት።

ቤተ ሙከራ ውስጥ የኬሚካል ጭስ ስላለ አየሩ በተለምዶ በሰዓት ከ6 እስከ 12 ጊዜ ይቀየራል። ብዙ ኃይል ወጥቶበት የሞቀው ወይም የቀዘቀዘው አየር በሙሉ ወደ ውጭ ይጣላል። ስለዚህ ቤተ ሙከራዎቹን በአንድ ወገን ሰበሰብኳቸው። መማሪያ ክፍሎቹና ቢሮዎቹ በመስኮት አየር ያገኛሉ። ማራገቢያዎቹ ደግሞ ሰው ሲወጣ፣ ለደህንነት ከተወሰነው መጠን ሳይወርዱ፣ ቀስ እንዲሉ አደረግን። የማራገቢያ ፍጥነት በ20 በመቶ ሲቀንስ የሚበላው መብራት በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ከፓኔሎቹ በፊት ይህን ማስላት ነበረብኝ።

ሲሚንቶ በዓለም ላይ ከሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 8 በመቶ ያህሉን ይይዛል። ስለዚህ ኮንክሪቱን ለመቀነስ ከስትራክቸር መሐንዲሱ ጋር ሆነን ዓምዶቹን አቀራረብናቸው፤ ወለሉ ሳሳ። ኮርኒስም አላደረግንም። ሌሊት በላይኛው መስኮት የሚገባው ንፋስ ኮንክሪቱን ያቀዘቅዘዋል፣ ቀን ደግሞ የክፍሉን ሙቀት እሱ ይመጥጠዋል።

የሚቆጨኝ የምዕራቡ ማንበቢያ ክፍል ነው። ረጃጅሞቹን ግድግዳዎች ወደ ሰሜንና ደቡብ አዙሬ፣ እዚያች ጫፍ ላይ ግን እይታው አጓጓኝና ሙሉ መስታወት አደረግሁ። የከሰዓት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ከላይ የዘረጋሁት ጥላ ምንም አልጠቀመ። ተማሪዎቹ መጋረጃውን ዘግተው አምፖል አበሩ። ብርሃን ይገባል ብዬ በሠራሁት ክፍል! በኋላ ከውጭ በኩል ቋሚ የጥላ ሰሌዳዎች አስገጠምን፤ ከጅምሩ ቢሠሩ ግን ወጪው ባነሰ ነበር።

በጀት ሲጠብ መጀመሪያ ሊሰረዝ የነበረው የየፎቁ የመብራት ቆጣሪ ነው። እዚህ ላይ እሺ አላልኩም። ሕንፃው በተከፈተ በዓመቱ ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ቆጣሪዎቹን ሲያነቡ፣ አንዱ ቤተ ሙከራ በበዓል ሌሊት እንደ ሥራ ቀን መብራት ሲበላ አዩ። ሄደው ሲፈትሹ ሰው መኖሩን የሚለየው ሴንሰር ሽቦ ላልቶ ነበር። ያጠበቁትም እነሱው ናቸው።