ከረጢቱ ላይ ያልጻፍኩት ስም

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ባሕር ዳር አጠገብ፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ዳርቻ የረግረግ አፈር እናወጣ ነበር። አፈሩ ምን ያህል ካርቦን እንደያዘ ለማወቅ ነው። እያንዳንዱ ከረጢት ላይ ቁጥሩንና ጥልቀቱን ጻፍኩ። በድምሩ 24 ከረጢት ሆነ።

ቤተ ሙከራ ወስጄ በ105 ዲግሪ አደረቅኩት፤ መዝኜ በ550 ዲግሪ አቃጠልኩት። ተቃጥሎ የሚጠፋው በአብዛኛው ከዕፅዋት የመጣው ነው፤ ከእሱም ግማሽ ያህሉ ካርቦን ነው። ውጤቱን ሳይ ግራ ገባኝ። ከእኩል ጥልቀት ከወጡ ሁለት ናሙናዎች አንዱ ክብደቱ በግማሽ ሊቀንስ ምንም አልቀረው፤ ሌላው እሳት የነካው አይመስልም። ሚዛኑን ጠረጠርኩ፣ ምድጃውን ጠረጠርኩ። ከተረፈው አፈር ደግሜ ሞከርኩ። ያው ነው።

አለቃዬ አየችውና «ይሄ ከምን ተክል ሥር ነው የወጣው?» አለችኝ። ማስታወሻዬን ገለጥኩ። «ረግረግ» ከሚል በቀር ምንም የለበትም።

ተመልሰን ሄድን። ታንኳ የሚሠሩ አንድ አባት ደንገል ያጭዳሉ። «አባባ፣ አፈሩ ሁሉ አንድ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው። ጎንበስ ብለው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጭቃው ውስጥ ሰደዱና ክንድ የሚያክል ሥር ጎትተው አወጡ። ጥቁር ውሃ ያንጠባጥባል። «ልጄ፣ አንቺ የምታይው ጫፉን ነው። ደንገል ያለው ከታች ነው» አሉኝ።

ነገሩ እሳቸው እንዳሉት ነው። ደንገል በወፍራም ሥሩ ተጠላልፎ ይኖራል። ታጭዶ እንኳ ሥሩ እዚያው ይቀራል። ጭቃው አየር ስለሌለው የሞተው ሥር በቶሎ አይበሰብስም፤ ዓመት በዓመት ይደራረባል። ከብት የሚግጠው ዳር ያለው ሣር ግን በበጋ ይደርቃል፤ አየር ይገባና ካርቦኑ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ የታየው እምቦጭ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው፤ እንደ ደንገል አፈር ውስጥ አይተክለውም። (ረግረግ ሚቴን የሚባል ካርቦን ያለበት ጋዝም ይተነፍሳል፤ እሱ ሌላ ሒሳብ ነው።) ደንገል ተነቅሎ በቆሎ ሲዘራበት የሚያንገበግበኝ ለዚህ ነው።

በዚያ ቀን ከጥልቀቱ በፊት «ደንገል»፣ «ፊላ»፣ «ሣር» ብዬ ጻፍኩ። የመጀመሪያዎቹን 24 ናሙናዎች ከሪፖርቱ አወጣናቸው። የተረፈው አፈር ግን አሁንም መደርደሪያ ላይ አለ። አንዱ ከረጢት ውስጥ ክር ክር የሚል ቡናማ ነገር ይታያል። ደንገል ይመስለኛል። ግን ልጽፍበት አልችልም።