የተቆረጠው አንቀጽ

በጋዜጣ ቤት ቦታ ሲጠብ ጽሑፍ የሚቆረጠው ከመጨረሻው ነው። ዘጋቢው ይህንን ስለሚያውቅ ዋናውን ነገር ከላይ አስቀምጦ ብዙ የማይጎዳውን ወደ ታች ያወርዳል ተብሎ ይታሰባል። እኔ በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አራሚ ነኝ፤ ይህ አሠራር እንዴት ጉድ እንደሚያፈላ ያየሁት የኬን ሽልማትን 25ኛ ዓመት ምክንያት አድርገን ጽሑፍ ባወጣንበት ሳምንት ነው።

ጽሑፉን ያዘጋጀችው የባህል ገጻችን ዘጋቢ ናት፤ ወጣት ብትሆንም ስትጽፍ የማትቸኩል። ሽልማቱ ለአፍሪካውያን አጭር ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚሰጥ መሆኑን፣ አሸናፊው 10 ሺህ ፓውንድ እንደሚያገኝ፣ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ሱዳናዊቷ ሌይላ አቡሌላ እንደነበረች ጻፈች። ኬንያዊው ቢንያቫንጋ ዋይናይና እ.ኤ.አ. በ2002 ካሸነፈ በኋላ ናይሮቢ ላይ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ማቋቋሙንም አነሳች። ያደመቀችው ግን አዲስ አበባ ተወልዳ በልጅነቷ በስደት አሜሪካ የገባችውን ሜሮን ሀደሮን ነበር። ሜሮን ስለ አንድ የአዲስ አበባ ጎዳና ጠራጊ ወጣት በጻፈችው አጭር ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ2021 አሸንፋ፣ ይህንን ሽልማት በማግኘት ከኢትዮጵያ ወገን የመጀመሪያዋ ሆናለች። ዋና አዘጋጃችን ይህን አንብቦ ደስ ቢለው ርዕሱን ራሱ ሰጠው፤ «በሩ ለእኛም ተከፍቷል!» ቃለ አጋኖው ሳይቀር የእሱ ነው።

ዐርብ ማታ የገጹ ፕሩፍ፣ ማለትም ከኅትመት በፊት የሚታረመው ናሙና፣ ሲመጣልኝ፣ ከጽሑፉ መሀል እንግሊዛዊው የፊልም ተዋናይ ማይክል ኬን ፈገግ ብሎ ተቀምጧል። ሽልማቱ የተሰየመው ለሌላ ማይክል ኬን ነው፤ የእንግሊዙ ቡከር ኩባንያ ሊቀ መንበር ለነበሩትና ቡከር ከተባለው ታዋቂ የልብ ወለድ ሽልማት አስተዳደር ጋር ለረጅም ዓመታት ለሠሩት ሰው መታሰቢያ። ገጽ አቀናባሪው ስሙን ኢንተርኔት ላይ ጽፎ መጀመሪያ የመጣለትን ፎቶግራፍ አንሥቷል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ፎቶው ወጣ፤ ሁላችንም ከአደጋ የተረፍን ያህል ደስ አለን። እንዲህ ያለ ትልቅ ስሕተት ሲያዝ ገጹ በሙሉ የጸዳ ይመስላል። ዐይን የሚዘናጋውም ያኔ ነው። ፈርሜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሄድኩ በኋላ ከአንድ ባንክ የሐራጅ ማስታወቂያ ይመጣል። በጋዜጣ ቤት የሐራጅ ማስታወቂያ ጌታ ነው፤ በመጨረሻው ሰዓት ቢመጣም ቦታ ይፈለግለታል። የተፈለገለትም ከባህል ገጹ ነበር። በዚህ የተነሣ የጽሑፉ የመጨረሻ አንቀጽ ወጣ። ያ አንቀጽ የያዘው ደግሞ የውድድሩን ደንብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጥበቃው ደውሎ «እንግዳ አለባችሁ» አለን። የገቡት ሰው ሽበታም፣ ኮታቸው በጥንቃቄ የተተኮሰ፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። በእጃቸው የኛን ጋዜጣ ከአንድ ፌስታል ጋር ይዘዋል።

«ልጄ፣ ይህንን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

ከፌስታሉ በጋዜጣ የተለበዱ ደብተሮች አወጡ። የመምህር የእጅ ጽሕፈት መቼም ይታወቃል፤ ፊደሉ የተለካ፣ የምዕራፉ ርዕስ በቀይ፣ ታሪኩ በሰማያዊ። ዓመታት የፈጀ ረጅም ልብ ወለድ ነው። «ለእነዚህ ሰዎች እንድትልኪልኝ ነው የመጣሁት» አሏት።

ልጅቱ ፊቷ ተለዋወጠ። ቀስ እያለች አስረዳቻቸው። የሚወዳደረው አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ከ3 ሺህ እስከ 10 ሺህ ቃላት። ያልታተመ ረቂቅ አይቀበሉም። የሚልከውም አሳታሚው እንጂ ደራሲው አይደለም። በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ የታተመ መሆን አለበት፤ ካሸነፈ ተርጓሚውም ከሽልማቱ ይካፈላል።

«ይህ ሁሉ የት ተጽፏል?» አሉ ጋዜጣውን እያገላበጡ።

«ጽፌው ነበር ጋሼ፤ ተቆረጠ።»

መነጽራቸውን አስተካክለው ከጽሑፉ ሥር ያለውን የሐራጅ ማስታወቂያ ድምፅ አውጥተው ያነቡ ጀመር። ተጫራቹ የሚያስይዘው ሲፒኦ፣ ቤቱ የሚጎበኝበት ቀን፣ አሸናፊው ቀሪውን ገንዘብ የሚከፍልበት ጊዜ፣ ባንኩ ጨረታውን የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ መሆኑ ሳይቀር አንድም አልጎደለም። «ቤት ለሚገዛው ደንቡ አልተቆረጠም» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የተማሪ መልስ የሚያርሙ ይመስሉ ነበር።

ቀጥለው የጠየቁት ጥያቄ ግን ለማናችንም ከበደን። «እሺ፣ አሳጥሬ ልጻፈው፤ ማን ይተረጉምልኛል? ማንስ ያትምልኛል?» ዘጋቢዋ የምታውቃቸውን ተርጓሚዎች በሐሳቧ ስታስስ አየኋት። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ያ በር ያለው በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ማዶ ነው። ዳኞች በጋራ የሚያነቡት ቋንቋ ያስፈልጋቸዋል፣ ይገባኛል። ሜሮንም የጻፈችው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ አንቀጹ ባይቆረጥ እንኳ ርዕሳችን ከጽሑፉ በላይ ቃል ገብቶ ነበር፤ ይህንን ያነሣው ሰው ግን አልነበረም፤ ርዕሱ የአለቃ ነዋ።

በዚያው ሳምንት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ግጥሞቹን ይዞ መጣ፤ ከባሕር ዳር አንዲት ሴት ደውላ የመላኪያ አድራሻ ጠየቀች። ቅዳሜ ሁለተኛው ገጽ ጥግ ላይ፣ ፊደሉ በደቃቃው፣ «ማስተካከያ» አወጣን። ማስተካከያውን አንብቤያለሁ ያለ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ረቂቅ የያዙ ሰዎች መምጣታቸውን ቀጠሉ፤ ጥበቃው ፌስታል ሲያይ ሳይጠይቅ ወደ ባህል ገጽ መምራት ለመደ።

በሳምንታዊው ስብሰባ ዘጋቢዋ ጉዳዩን አነሣች። ዋና አዘጋጁ «ደመወዝሽን የሚከፍለው ማስታወቂያው ነው» አለ፤ እውነቱን ነው። እሷም «ስድቡን የምቀበለው ግን እኔ ነኝ» አለች፤ ይህም እውነት ነው። ክርክሩ ተራዘመ። እኔ የጠየቅሁት ከተፈረመ በኋላ የሚቆረጥ ገጽ ተመልሶ ለአራሚ እንዲታይ ነበር፤ «በሌሊት ማን ይጠብቅሃል?» ተባልኩና ቀረ። የተገኘው ስምምነት ይህ ነው፤ ለውድድር፣ ለሥልጠና ወይም ለሽልማት ጥሪ የሚያቀርብ ጽሑፍ ሁሉ ማን እንደሚወዳደር፣ ምን እንደሚያቀርብ፣ በማን በኩልና እስከ መቼ እንደሚላክ በሁለተኛው አንቀጽ ይጻፋል። ረዘም የሚል ከሆነም በሣጥን ሆኖ ከርዕሱ ጎን ይቀመጣል፤ ያንን ሣጥን የሚነካ የለም።

የማስታወቂያ ክፍሉ ኀላፊ ስምምነቱን ፈርሟል። ይሁን እንጂ በየሳምንቱ ሣጥኗን በማስመሪያ እየለካ በአንድ ዓምድ ሴንቲ ሜትር ስንት ብር እንዳሳጣነው ለዋና አዘጋጁ በጽሑፍ ያቀርባል።