ከፈረሰ ቤት በወጣ እንጨት ግድግዳ ማልበስ፦ ጎንደር ላይ የሠራሁበት መንገድ

ጎንደር ውስጥ አሮጌ ቤት ሲፈርስ ድንጋዩና ቆርቆሮው ወዲያው ገዢ ያገኛል፤ እንጨቱ ግን አብዛኛው ለማገዶ ይሄዳል። ከዚያ ክምር ውስጥ ዛሬ በቀላሉ የማይገኝ የበሰለ ጥድና ዋንዛ አለ። እኔ በዚህ ያለበስኩት የሳሎን ግድግዳ ወርዱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2.45 ሜትር ነው፤ 7.35 ካሬ ሜትር ማለት ነው። የገዛሁት ግን 9.5 ካሬ ሜትር የሚሸፍን ጣውላ ነበር። የበሰበሰው ጫፍ፣ በምስማር የተሰነጠቀውና የተጣመመው ተቆርጦ ሲወጣ ከአሮጌ እንጨት ሩብ ገደማ ይጠፋል፤ ልክክ አድርጎ የገዛ ሰው ሥራው መሀል ላይ ይቆምበታል።

ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ዱቄቱን ነው። የነቀዝ ቀዳዳ ያለበት ሁሉ አይጣልም፤ ቀዳዳው ጠቁሮ ባዶ ከሆነ ነቀዙ ብዙ ጊዜ ከሄደ ቆይቷል። ነጣ ያለ ትኩስ ዱቄት የሚረግፍ ከሆነ ግን ገና እየተበላ ነው። የሚያጠራጥረውን ጣውላ ጥቁር ጨርቅ ላይ አቁሜ አንኳኳዋለሁ፣ የረገፈውን እጠርጋለሁ፤ ከሳምንት በኋላ አዲስ ዱቄት ካለ ቤት አላስገባውም። ቀጥሎ ማሽተት ነው። ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ የተቃጠለ የመኪና ዘይት የተቀባ ቋሚና ወራጅ ብዙ ነው። ዘይቱ ወደ ውስጥ ስለሚጠልቅ ቢላግም አይለቅም፣ ቫርኒሽ አይዝበትም፣ ሽታውም በተዘጋ ክፍል ውስጥ አያስቀምጥም። የአርማታ ጣውላንም አልወስድም፤ የተጣበቀበት ሲሚንቶ የመላጊያውን ምላጭ ያበላሻል። የጭነት ፓሌት የሚጠቀም ሰው ማህተሙን ይመልከት፦ ኤችቲ የሚለው በሙቀት የታከመ ነው፤ ኤምቢ የሚለው ሜቲል ብሮማይድ በተባለ መርዛማ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ለቤት አይሁን።

እንጨቱ ከየት እንደወጣም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጎንደር ላይ ይህ ዋዛ አይደለም። ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከጥንታዊ ሕንፃ የወጣ፣ በተለይ የተቀረጸ በርና መስኮት፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይገዛም። የቅርስ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለበት ጉዳይ ነው። ፒያሳ ዙሪያ በጣሊያን ዘመን ከተሠሩት ቤቶች ወጣ የሚባለውንም ሳላጣራ አልነካም።

ምስማር ነቀላ ትዕግሥት ይፈልጋል። ከጀርባ በኩል ጫፉን መትቶ ራሱን ወደ ፊት ማስወጣት፣ ከዚያ ከጉጠቱ ሥር ቁራጭ እንጨት አስገብቶ መንቀል ነው፤ ቁራጩ ከሌለ ጉጠቱ ፊቱን ይሰረጉደዋል። ራሱ የተቆረጠውን ከአሮጌ ስፒከር በወጣ ማግኔት ፈልጌ አገኘዋለሁ። አንድ የተረሳ ምስማር መጋዝ ይጨርሳል።

ከሁሉም በላይ የምጸናበት ነገር ይህ ነው፦ የአሮጌ ጣውላ ፊት አይላግም። ያ ግራጫና ቡናማ መልክ ያለው ከላይ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ብቻ ነው፤ መላጊያው አንዴ ከወሰደው አዲስ እንጨት ከመግዛት ምን ለየው? መላጊያ የሚነካው ጀርባውንና ጠርዙን ነው። ውፍረቱ ሁሉም ጋ 2 ሳንቲ ሜትር፣ ወርዱ 14 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን አስተካክላለሁ። ፊቱን በደረቅ ብሩሽ፣ ጅማቱን ተከትዬ፣ ብቻ አጸዳለሁ። ለወይራ የብረት ብሩሽ ይሆናል፤ ጥድ ላይ ግን ለስላሳውን ክፍል ስለሚቦጭቅ የናይለን ይሻላል። እጅ በሚነካው ቦታ ላይ ብቻ 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሳልፋለሁ። አሮጌ ቀለም ያለበት ከሆነ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈገፈግም፣ አይቃጠልምም፤ በውኃ አርሶ መፋቅ፣ ፍቅፋቂውን ሰብስቦ ከልጆች ማራቅ ነው።

ማድረቅ ላይ መቸኮል አይገባም። ክረምት ላይ የተገዛ እንጨት ውኃ ጠጥቷል፤ እንደተገዛ ከተመታ በበጋ ይኮማተርና በጣውላዎቹ መሀል ክፍተት ይወጣል። ክፍል ውስጥ፣ በየ50 ሳንቲ ሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር መለያያ እየጣልኩ እደረድራለሁ፤ መለያያዎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ቀጥ ብለው ካልወረዱ ጣውላው ይጎብጣል። አንዱን ጣውላ በየሳምንቱ እመዝነዋለሁ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል።

አሁን ግድግዳው። መጀመሪያ እርጥበት፦ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር ፕላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፌ ለሁለት ቀን እተወዋለሁ። ከጀርባው ውኃ ካዘለ እዚያ ግድግዳ ላይ እንጨት አይመታም። ደረቅ ከሆነ 4 በ5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ (ጣውላው የሚመታበት ቋሚ እንጨት)፣ 2.40 ሜትር ቁመት፣ 6 ፍሬ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ቁመቱን ይቆማል፤ ለእያንዳንዱ 4 ብሎን፣ በጠቅላላው 24። ብሎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው 4 ሳንቲ ሜትር ሞራሌውን፣ ልስኑንም አልፎ ጠንካራው አካል ውስጥ መግባት ስላለበት ነው። በድንጋይና በጭቃ በተሠራ ግድግዳ ላይ ፊሸር (ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) የሚገባው ድንጋዩ ውስጥ ነው፤ ጭቃው መገጣጠሚያ ምንም አይዝም። የጭቃ ቤት ከሆነ እያንኳኩ ቋሚውን አግኝቶ ያለ ፊሸር በቀጥታ እሱ ላይ ማሰር ነው። ብሎኬት ላይ መሰርሰሪያው ባዶው ላይ ከወደቀ ፊሸሩ ይሽከረከራል፤ ቀዳዳውን ወደ መጋጠሚያው ማዞር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የማጠብቀው ጥዱ ብቻውን 80 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ነው።

ጣውላው አግድም፣ ከታች ወደ ላይ ይመታል። 17 ረድፍ 2.38 ሜትር ይይዛል፤ የቀረው 5 ሳንቲ ሜትር ከወለሉ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ከኮርኒሱ ይተዋል። ወለል በታጠበ ቁጥር ውኃው እንዳይደርሰው፣ ከጣውላው ጀርባ ያለው አየርም እንዲዘዋወር ነው። በየሞራሌው 2 ምስማር፣ ርዝመቱ 5 ሳንቲ ሜትር፣ በድምሩ 200 ገደማ ይሄዳል። ደርቆ የከረመ ጥድና ወይራ ጫፉ ላይ ስለሚሰነጠቅ ከምስማሩ ቀጠን ባለ መብሻ አስቀድሜ እበሳለሁ። መገጣጠሚያው ሁልጊዜ ሞራሌ ላይ ይውደቅ፤ ሁለት ተከታታይ ረድፍም አንድ ቦታ ላይ አይገናኝ።

ለማጠናቀቂያ የተልባ ዘይት መልኩን ያሞቀዋል። በስሱ ተቀብቶ ከ20 ደቂቃ በኋላ የተረፈው ካልተጠረገ ሙጭጭ ብሎ ይቀራል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ ከተቀመጠ በራሱ ጊዜ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ውጭ ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ግዴታ ነው። ቡና የሚፈላበት ማዕዘን ላይ ግን ዘይት አልቀባም። የከሰልና የዕጣን ጭስ ዘይት በተቀባ ፊት ላይ ይይዛል። እዚያ የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ ሁለት ጊዜ እቀባለሁ፤ የመጀመሪያውን በአኳራጅ ትንሽ አቅጥኜ። ጥላሸቱ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል።