ሦስት ሐምሌ የፈጀብኝ የኮክ ኮብለር

ጆርጂያ፣ ክላርክስተን የገባን ሰሞን ነው። ወሩ ሐምሌ፣ ዓመቱ በፈረንጅ 2022። ጎረቤታችን በራችንን አንኳኩ። በሁለት እጃቸው በፎይል የተሸፈነ የመስታወት ትሪ ይዘዋል። «ትኩስ ነው፣ ተጠንቀቅ» ብለው አስረከቡኝና ሄዱ።

ሰባዎቹን ያጋመሱ ጥቁር አሜሪካዊት ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ ከስማቸው በፊት «ሚስ» እያለ ነው የሚጠራቸው። እኔ ግን አፌ እሺ አላለኝም፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እማማ አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው።

ፎይሉን ስንገልጠው ቤቱ በቅቤና በኮክ ሽታ ተሞላ። ኮብለር ይሉታል፤ ፍራፍሬ ከሊጥ ጋር የሚጋገርበት ጣፋጭ ነው። ከላይ ቡናማ ቅርፊት አለው፤ ኬክም አይደለም፣ ዳቦም አይደለም። ዳር ዳሩ ስኳሩ ተቃጥሎ እንደ ከረሜላ ጠንክሯል። ማንኪያ ሲገባበት ከሥር ወፈር ያለ ብርቱካንማ ጭማቂ ይወጣል። እኔ የማውቀው ኮክ ሌላ ነበር። ያደግኩበት ግቢ የነበረው ዛፍ ትንንሽና ጠንካራ ፍሬ ነው የሚያፈራው። ልጆች ስለነበርን እስኪበስል አንጠብቅም፣ በጨው ኮሽ ኮሽ እያደረግን እንጨርሰዋለን። ኮክ እንዲህ መሆን እንደሚችል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

እንግዲህ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ባለቤቴ አምባሻ ጋግራ ትሪው ላይ አድርጋ መለሰችላቸው። እኔ ግን ራሱን ኮብለሩን ሠርቼ ልመልስላቸው ብዬ ልቤ ተነሣ።

አሠራሩን በቃላቸው ነገሩኝ። አንድ ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ስኳር፣ አንድ ኩባያ ወተት፣ አንድ ዘንግ የገበታ ቅቤ፣ ማለትም 113 ግራም። ከዚያ ኮኩ። እዚህ በአሜሪካ ደቡብ ስቴቶች ኮብለር ብዙ ዓይነት ነው። ሊጡን ዳምጠው እንደ ክዳን የሚያለብሱት አሉ፤ በማንኪያ እየቆረሱ ላዩ ላይ ጣል ጣል የሚያደርጉትም አሉ። የእማማ ግን ቅቤው ትሪው ላይ ይቀልጣል፣ ቀጭን ሊጥ ይፈስበታል፣ ኮኩ ከላይ ይደረግና ምድጃ ይገባል። ሲጋገር ሊጡ ኮኩን አልፎ ወደ ላይ ይወጣል። ወረቀት ላይ እንኳ አልጻፍኩትም፣ ቀላል መስሎኝ።

የመጀመሪያው ሐምሌ ሥራዬ የተቀቀለ ሊጥ ሆነ። ሦስት ነገር ነው ያበላሸሁት። አንደኛ፣ ኮኩን ቀይነቱን አይቼ ገዛሁ። ቅላት የመብሰል ምልክት አይደለም፤ የዘሩ መልክ ነው። መታየት ያለበት ከቅላቱ ሥር ያለው መደብ ነው። አረንጓዴ ከሆነ አልደረሰም፣ ወርቅማ ቢጫ ከሆነ ደርሷል። ከዚያ ኮኩ ከቅርንጫፉ የተቀጠፈበት ቦታ ላይ አፍንጫህን ታስጠጋለህ። ካልሸተተ አይጣፍጥም። ሁለተኛ፣ እማማ «ዱቄት» ሲሉ «ሰልፍ ራይዚንግ» የሚባለውን፣ ቤኪንግ ፓውደርና ጨው ተቀላቅሎበት የሚሸጠውን ማለታቸው ነው። ደቡብ ውስጥ ይህን ማንም አይነግርህም፣ የሚታወቅ ነገር ነው። እኔ ተራውን ዱቄት አደረግኩ፣ ሊጡም ከተኛበት አልተነሣም። ተራ ዱቄት ብቻ ካላችሁ ለአንድ ኩባያ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና ሩብ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። ሦስተኛው የባሰው ነው፤ ሁሉንም ትሪው ላይ አማሰልኩት። ወጥ ስሠራ ማማሰል ለምዶብኛል፣ እጄ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቅቤው ከሊጡ ጋር ተደባለቀ፣ የሚጠብሰው ነገር ጠፋ። ቅርፊቱ የሚወጣው ቅቤው ከሥርና ከዳር ሆኖ ሊጡን ሲጠብሰው ነው።

ለእማማ አልወሰድኩላቸውም።

በሁለተኛው ሐምሌ፣ 2023፣ ጆርጂያ ውስጥ ኮክ ጠፋ ቢባል ይቀላል። ከዓመቱ ምርት ከ90 በመቶ በላይ ወደመ። ይህን የተረዳሁት ከእማማ ነው። እሳቸው ያደጉት ፎርት ቫሊ አጠገብ ነው፣ ከአትላንታ ወደ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ። አካባቢው ስሙም «ፒች ካውንቲ» ነው፣ የኮክ አውራጃ እንደ ማለት። በልጅነታቸው ኮክ ማሸጊያ ቤት ሠርተዋል። የኮኩ ፀጉር ላብ ካለበት ቆዳ ጋር ሲገናኝ እንዴት እንደሚያሳክክ ሲያወሩ ዛሬም ክንዳቸውን ያካሉ።

«ዘንድሮ ዛፎቹ እንቅልፍ አልጠገቡም» አሉኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የኮክ ዛፍ ብርድ ይፈልጋል። በፈረንጆች ክረምት ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ብዙ መቶ ሰዓት ተኝቶ ማሳለፍ አለበት፤ እንደ ዘሩ 600ም 800ም ሰዓት ሊሆን ይችላል። ያን ካላገኘ አበባው የተዘበራረቀ ይሆናል። በዚያ ዓመት ብርዱ አነሰ፣ ዛፎቹም ቀድመው አበቡ። መጋቢት ላይ ደግሞ ውርጭ መጣና ያበበውን ጨረሰው። አዲስ አበባ ተቀምጦ «ደጋ ላይ ኮክ ይበቅላል፣ ቆላ ላይ አይበቅልም» ሲባል የሰማ ሰው ምክንያቱ ይኸው ነው።

እማማ ያን ዓመት ኮብለር አልሠሩም። እኔ ግን ከሌላ ስቴት የመጣ ኮክ ገዛሁ። በጣም የበሰለ፣ ሲነኩት የሚያነባ። ዱቄቱን አስተካከልኩ፣ እጄን ሰበሰብኩ፣ አላማሰልኩም። ላዩ አምሮ ወጣ፣ ልጆቹም አጨበጨቡ። ማንኪያ ስከትበት ከሥሩ ሾርባ ነው። ቅርፊቱ በውኃ ላይ እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል፣ ከሆዱ በኩል ጥሬ ነው። የበሰለ ኮክ ላይ ስኳር ስታደርግበት ስኳሩ ውኃውን ስቦ ያወጣዋል። ያ ውኃ የሚሄድበት አጥቶ ሊጡ ውስጥ ይገባል። ስህተቱ የገባኝ ግን በሦስተኛው ሐምሌ ነው።

በ2024 እማማ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ሆኑ። ከሆስፒታል ሲወጡ ልንጠይቃቸው ሄድን፤ እንደ ወጉ ምግብ ይዘን። የዚያ ዓመት ኮክ ጥሩ ነበር፣ ከልጃቸው የመጣ አንድ ካርቶን ወጥ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጧል። «መቆም አልችልም፣ ኮኩ ግን አይጠብቀኝም» አሉ። እኔም እጄን ታጠብኩ። እሳቸው ወንበር ላይ፣ እግራቸው በርጩማ ላይ፣ እኔ ምድጃው ጋ።

መጀመሪያ ያሳዩኝ ፍሬውን ነው። አንዱን ኮክ በመስመሩ ዙሪያ ቆርጠው በሁለት እጃቸው ጠመዘዙት፤ ለሁለት ተከፈለ፣ ፍሬውም ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ግንቦት ላይ የሚመጣው ኮክ ሥጋው ፍሬውን ሙጭጭ ብሎ ይዞ አይለቅም። ከሰኔ አጋማሽ ወዲህ የሚመጣው ነው የሚለቀው። ለኮብለር የሚፈለገው ይኼኛው ነው፣ አለዚያ ግማሹ ኮክ ፍሬው ላይ ይቀራል። ማርሻልቪል የምትባለው መንደር ከእማማ አገር ቅርብ ናት። በ1870ዎቹ ሳሙኤል ራምፍ የሚባል ገበሬ እዚያ ፍሬውን የሚለቅ፣ ለባቡር ጉዞም የሚጸና ኮክ አገኘና በሚስቱ ስም «ኤልበርታ» አለው። ጆርጂያ የኮክ አገር ተብላ የታወቀችው በዚያ ነው። እማማ ይህን ሲነግሩኝ ሴትዮዋን በቅርብ የሚያውቋት ይመስላሉ።

ልጣጩ እንደ ቲማቲም ነው የሚላጠው። የፈላ ውኃ ውስጥ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ታወጣዋለህ፣ በረዶ ውኃ ውስጥ ትከተዋለህ፣ በጣት ይገፈፋል። ሰባት መካከለኛ ኮክ፣ አንድ ኪሎ ገደማ፣ ወፈር ወፈር አድርጌ ከተፍኩ። ግማሽ ኩባያ ስኳር፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ቁንጥር ጨው። «አሁን ቁጭ በል» አሉኝ። ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን።

በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው ስለ አያታቸው ያወሩኝ። ምድጃ አልነበራቸውም። ኮብለሩን የሚጋግሩት ክዳን ባለው የብረት ድስት ነበር፤ ከሥሩ ፍም፣ ክዳኑም ላይ ፍም። ይህን ስሰማ እናቴ ድፎ ዳቦ ስትደፋ ታየችኝ። ኮባው፣ ከላይም ከታችም እሳቱ፣ ላዩ ላይ የምትቆሰቁሰው ፍም። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «እናትህ ኮብለር መጋገር ትችላለች ማለት ነው» አሉ።

ተመልሰን ሳህኑን ስናየው ኮኩ በራሱ ጭማቂ ውስጥ ይዋኛል። አንድ ኩባያ የሚጠጋ ውኃ ወጥቶለታል። የዓምናው ሾርባዬ ያ ነበር። እማማ ጭማቂውን ብቻ ትንሽ ድስት ላይ አስደረጉኝ። ሁለት የሻይ ማንኪያ ኮርንስታርች፣ ማለትም ጭማቂ የሚያወፍር የበቆሎ ስታርች፣ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ ጨመርኩ። ፈልቶ ማንኪያ ጀርባ ላይ መያዝ ሲጀምር ኮኩ ላይ መለስኩት። ቀረፋና ጥቂት የተፈቀፈቀ ገውዝ ገባበት። ኮረሪማ ቤት አለኝ፣ ላምጣ ብዬ ነበር። «መጀመሪያ የእኔን ቻለው፣ ከዚያ የራስህን ታደርጋለህ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። በኋላ ለብቻዬ በኮረሪማ ሞክሬዋለሁ፤ ጥሩ ነው፣ ግን የኮኩን ሽታ ይጫነዋል። አሁን አልጨምርም።

ቅቤው 23 በ33 ሴንቲ ሜትር ትሪ ላይ ምድጃው ውስጥ ቀለጠ። ሊጡን አፈሰስኩበት፣ ቅቤው በዳር በዳር ወጣ። ኮኩን በማንኪያ አከፋፈልኩ። እጄ ወደ ማማሰያው ሲሄድ አዩት።

«ልጄ፣ ተወው። የራሱን ሥራ ያውቃል።»

350 ፋራናይት፣ 175 ሴንቲግሬድ ገደማ። በ40 ደቂቃ ላዩ ቀላ፣ ላውጣው ብዬ ተነሣሁ። «መሐሉን እየው» አሉ። ዳሩ ይፈላል፣ መሐሉ ጸጥ ብሏል። እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኮርንስታርቹ ጭማቂውን የሚይዘው በደንብ ሲሞቅ ነው። መሐሉ ካልፈላ ቀጭን ነው የሚቀረው፣ ላዩ የፈለገውን ያህል ቢያምር። 55 ደቂቃ ላይ መሐሉም ጀመረ። የሚፈላው እንደ ውኃ አይደለም። እንደ ሽሮ ነው። ወፍሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ቱክ… ቱክ… እያለ። እኔ ሰዓት አላይም ከዚያ ወዲህ፣ ሽሮውን ነው የምጠብቀው። ላዩ ቀድሞ ከጠቆረባችሁ ፎይል ጣል አድርጉበት።

ከወጣ በኋላ 40 ደቂቃ አስቀመጡኝ። ልጆቹ አለቀሱ። ግን ጭማቂው የሚረጋው ሲበርድ ነው፣ ትኩሱን የቆረሰ ሰው ሾርባ ይበላል። እማማ የመጀመሪያውን ማንኪያ ከጥግ አነሡ፣ ስኳሩ ከጠነከረበት። አኘኩ። ምንም አላሉም። ትሪውን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው ሁለተኛውን አነሡ።

አንድ የኛ ነገር ልጨምር። ኮብለር ቅቤና ወተት ነው፣ ፍስክ ነው። የሰኔ ጾም የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው፣ በፈረንጅ ጁላይ 12። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1፣ ኦገስት 7። የጆርጂያ ኮክ ደግሞ በጣም የሚጣፍጠው በዚሁ መሐል ነው። ሐምሌን ሙሉ፣ ረቡዕና ዓርብ ሲቀር፣ የእኔ የኮብለር ወር ነው። በጾም በዘይትና በአጃ ወተት ሞክሬያለሁ። ይነሣል፣ ይበላል። ግን ዳሩ ላይ ያ ከረሜላ አይወጣም፣ ያንን የሚሠራው ቅቤው ነው። ስኳር መቀነስ የምትፈልጉ ደግሞ ከኮኩ ቀንሱ እንጂ ከሊጡ አትቀንሱ። የሊጡን ስኳር ሦስት ሩብ ኩባያ አድርጌው ቅርፊቱ ገርጥቶ ለስልሶ ቀረ።

ኮኩን ደግሞ ሳይበስል ፍሪጅ አታስገቡት። ብርዱ ሥጋውን ዱቄት ዱቄት ያስብለዋል፣ ከዚያ በኋላ ምንም ብታደርጉት አይመለስም። ጠረጴዛ ላይ ወይም ወረቀት ከረጢት ውስጥ አቆዩት። ሲደርስ ግን ላጣችሁ፣ ከትፋችሁ፣ ሎሚ ነካ አድርጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየት ትችላላችሁ።

ፍልሰታ ሲፈታ የጆርጂያ ኮክ አልቋል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ፍሪዘሬ ውስጥ አራት ከረጢት አለ። ሁለቱ ላይ «ነሐሴ 16» ብዬ ጽፌያለሁ። የእማማ ትሪም እኛ ቤት ነው ያለው።